ጥያቄ ዘጠኝ

ሃርሊንገን ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ነፋስ እንደ አበዳሪ ሳያንኳኳ ሲገባ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጠይቅ በደረቴ አቅፌ
ወጣቶቹን እዞር ነበር፣ በብርድ ደንዝዞ አፌ።

«ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንዱን በእርሳስ ክበቡ።
አንድ ማለት በፍጹም፣ አምስት ማለት አይቀርም፤ አስቡ።
ትሰርቃለህ? ትደበድባለህ? በሚመጣው ዓመት፣»
ዘጠነኛው ጥያቄ፦ «ታቃጥላለህ የሰው ንብረት?»

ዊብረን አምስትን ከበበ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።
ከጎኑም ጻፈ፦ «የእንጀራ አባቴ ጀልባ ስትነድ
ከግድቡ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን እሞቃለሁ።»
ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን አየሁ
ጣቱ ሲንቀጠቀጥ፤ ብርድ ይሁን ሌላ
አላውቅም። እርሳሱ ተሰበረ፣ ከክቡ በኋላ።

ሂልከ ግን ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ የመጣ፣
ሁሉንም «አንድ» ብሎ ሞላ፤ ቃል ከአፉ ሳይወጣ
እርሳሴን በመቅረጫ ሹል አድርጎ መለሰልኝ።
እንዲህ ያለ ልጅ በኖረኝ፣ ብዬ ተመኘሁ፤ ደስ አለኝ።

ዳወ ደግሞ «አራት» አለ፣ ስለ ብስክሌት ስርቆት።
«ለምን አምስት አላልክም?» ብለው፣ «እሑድ አለብኝ ጸሎት።»

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ጠራኝ፤
የፖሊስ መዝገብ ከቅጹ ጎን አስቀምጦ አሠራኝ፣
ያለውን ካደረገው ጋር በመስመር እንዳገናኝ።

ዳወ፣ እንዳለው፣ ሰባት ብስክሌት። (እሑድ የተያዘ የለም።)
ሂልከ፣ ያ «በፍጹም» ባዩ፣ በድልድዩ ላይ፣ ጨለም
ሲል፣ በሰንሰለት የአንድ ሰው መንጋጋ ሰበረ፣
ለመቶ ሃምሳ ዩሮ ዕዳ። «ሲመታው፣» አለ ምስክር፣
«አንድም ቃል አልወጣውም፤ ዝም ብሎ ነበረ።»

ዊብረን ባዶ ገጽ ነው፤ የለውም የመኪና ቅጣት እንኳ።
«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» አለ አለቃችን፣ ጠረጴዛ እያንኳኳ።
ዳወም ጮኾ ነበር፣ አልኩ በሆዴ፤ ነክሷል ሰባት ጊዜ።
ደመርን፣ አካፈልን፤ ቁጥሩ ወጣ እንደ ሰካራም ኑዛዜ፣
ጥቂት እውነት ያለው፤ ግን ማንም የማይምልበት።
ዊብረንን ላየው ሄድኩ፣ የመርከብ ገመድ ወደሚያስርበት።

ወደ ደሴቱ የምትሻገር መርከብ ላይ ነው የሚሠራ።
«ሹክየ! ባለ እርሳሷ!» ብሎ ከርቀት ጠራ።
«ያኔ የጻፍከው፣» አልኩት፣ «ፉከራ ነው ወይስ እውነት?»
«እውነት ነዋ! ቤንዚን ገዛሁ፤ ክብሪት ያዝኩ፤ አንድ ሌሊት
ወረድኩ። ውሻችን ግን ጀልባዋ ውስጥ ተኝቷል፣ ተጠቅልሎ።
ብቀሰቅሰው ይጮኻል፤ ብተወው…» አለና፣ ቃሉን ጥሎ
ገመዱን ሳበ። «ቤንዚኑን ባሕር ውስጥ ደፋሁት።
ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ውሻ ነው ያገኘሁት።»

በቅጹ ላይ ለውሻ የሚሆን ሣጥን የለም።

አሁን ደግሞ የእኔ።
መጠይቁ ሳይበተን፣ ለሙከራ እኔም ሞልቼ ነበር።
«ሰነድ ትደልዣለሽ?» ይላል። «አንድ» አልኩ፣ ሳልጠራጠር።
ከወር በኋላ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መጣ፤
«ማነው እሳት የጻፈው? ወሬው ደርሶኛል!» ብሎ ተቆጣ።
ስም በቅጹ የለም፣ ቁጥር ነው። ጽሕፈት ግን ይለያል ዐይኑ።
«ነገ ጠዋት ይዘሽ ነይ» አለኝ፣ በሥልጣኑ።

ሌሊቱን ላጲስ አነሣሁ። ጽሑፉን፣ ክቡን ፋቅሁ፤
ቀዳዳውን በሙጫ ደፍኜ፣ «አንድ»ን ከበብሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ረፋድ ተኛሁ።

ስለዚህ በታላቁ ሠንጠረዥ፣ ዊብረን «አንድ» ብሎ ያልሠራ፣
ቃላቸውን ከጠበቁት ጋር ይቈጠራል በተራ።
የእኔ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከላጲሱ ጋር ቢጫ ሆኗል።
ከመዝገብ ጋር ያስተያየው የለም። «በፍጹም» ይላል።